18 ቃለ መጠይቅ ይዤ መንገድ የጠፋኝ ጊዜ

አማካሪዬ የትንተና ምዕራፌን አንብበው ሲመልሱልኝ ብዙ እርማት ጠብቄ ነበር። ያገኘሁት ግን በመጀመሪያው ገጽ ጥግ ላይ በእርሳስ የተጻፈች አንዲት መስመር ናት፦ «ይህን ማንንም ሳትጠይቂ ታውቂው አልነበረም ወይ?»

ምዕራፉ አራት ወር ፈጅቶብኛል። ለረጅም ጊዜ የታመመ የቤተሰብ አባል የሚያስታምሙ 18 ሰዎችን አነጋግሬ፣ ቃላቸውን ከድምፅ ወደ ጽሑፍ ገልብጬ፣ ኮድ ሰጥቼ (ለእያንዳንዱ ሐሳብ አጭር መለያ ስም ጽፌ) ጨረስኩ ብዬ ነበር። ሦስት ጭብጦች ነበሩኝ፦ የአስታማሚዎች ኢኮኖሚያዊ ችግር፣ ማኅበራዊ ችግር እና ሥነ ልቦናዊ ችግር። ከእያንዳንዳቸው ሥር የተሳታፊዎች ጥቅሶች በሥርዓት ተደርድረዋል። ያቺን መስመር ካነበብኩ በኋላ የቃለ መጠይቅ መምሪያዬን አውጥቼ ከምዕራፉ ጎን አስቀመጥኩት። ክፍል አንድ ስለ ገቢና ወጪ፣ ክፍል ሁለት ስለ ማኅበራዊ ሕይወት፣ ክፍል ሦስት ስለ ስሜት። ጭብጥ ብዬ ያቀረብኩት የራሴን የጥያቄ ርዕሶች ነበር። ሰዎቹ ሰዓታት ሙሉ የነገሩኝ ነገር፣ ሳልሰማቸው በፊት ባዘጋጀሁት ሦስት መሳቢያ ውስጥ ገብቶ ተቆልፎበታል።

በዓይነታዊ ምርምር፣ ማለትም በቁጥር ሳይሆን በሰዎች ቃል ላይ በሚሠራ ምርምር፣ የማስተርስ ወይም የዶክትሬት ጥናት ይዛችሁ፣ በተለይ ዳታውን ሰብስባችሁ «አሁን ምን ላድርገው?» የምትሉበት ደረጃ ላይ ከሆናችሁ የእኔ መንገድ ይጠቅማችኋል ብዬ አምናለሁ። ከዚያ ጭንቅ የወጣሁት በንባብ ብቻ አይደለም፤ ሌሎች ሰዎች ዳታዬን አብረውኝ ስላዩት ነው። ስለ ዘዴውና ስለ ድጋፉ ለያይቼ መጻፍ ያልቻልኩትም ለዚህ ነው።

ችግሩ ከትንተናው በፊት የጀመረ ነው። ፕሮፖዛሌ ላይ የምርምር ጥያቄዬ «ማስታመም በአስታማሚዎች ሕይወት ላይ ምን ያህል ተጽዕኖ አለው?» የሚል ነበር። «ምን ያህል» ብሎ የጠየቀ ሰው መልሱን የሚያገኘው በቁጥር ነው፤ 18 ሰው አነጋግሮ ደግሞ ስለ መጠን መናገር አይቻልም። ጥያቄውን ኋላ ላይ «አስታማሚዎች ማስታመምን እንዴት ይረዱታል? ለራሳቸውስ ምን ብለው ያስረዱታል?» ወደሚል ቀየርኩት። በዓይነታዊ ጥናት የምርምር ጥያቄን በመሃል ማስተካከል ነውር አይደለም። መቼ እንደተለወጠና ለምን እንደተለወጠ መዝግቦ በዘዴ ምዕራፉ ውስጥ መግለጽ ግን ግድ ነው።

የመጀመሪያው ቃለ መጠይቄ 22 ደቂቃ ብቻ ነበር። ድምፁን መልሼ ስሰማው ደነገጥኩ። ተሳታፊዋ ትንፋሽ በወሰዱ ቁጥር እኔ እቀድማቸውና «በጣም ይከብዳል ማለት ነው?» እላለሁ፤ እሳቸውም «አዎ፣ ይከብዳል» ብለው ያበቃሉ። የእሳቸው ቃል ብዬ ልጠቅሰው የነበረው የራሴን ቃል ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር ለወጥኩ። አንደኛ፣ «ምን ምን ችግር ያጋጥምዎታል?» የሚለውን ጥያቄ ጣልኩት፤ ሰውን ችግር እንዲቆጥር ያደርገዋል እንጂ እንዲተርክ አይጋብዘውም። በምትኩ «እስቲ የትናንትናውን ቀን ከተነሡበት ጀምረው ይንገሩኝ» ማለት ጀመርኩ። ሁለተኛ፣ ሰው ዝም ሲል በልቤ እስከ ሰባት እቆጥራለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ሰባት ሳይሞላ ይቀጥላሉ፤ የሚቀጥሉትም እኔ ልጠይቅ ባላሰብኩት ነገር ነው። ቃለ መጠይቆቹ ከአንድ ሰዓት በላይ መሄድ ጀመሩ።

አንዳንድ ሰው ደግሞ ዋናውን ነገር የሚናገረው መቅጃው ከተዘጋ በኋላ፣ በር ላይ ቆሞ ሲሰናበት ነው። ያ ቃል የእናንተ አይደለም። «አሁን የነገሩኝን ብጽፈው ፈቃድዎ ነው?» ብላችሁ እንደገና ጠይቁ። ሁለት ሰዎች አይሆንም አሉኝ፤ ከነገሩኝ ሁሉ ጥልቁ ያ ቢሆንም አልተጠቀምኩበትም።

ድምፅ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ከምታስቡት በላይ ጊዜ ይወስዳል። እኔ ለአንድ ሰዓት ድምፅ ከአምስት እስከ ሰባት ሰዓት ፈጅቶብኛል። ሁሉንም ባትችሉ እንኳ የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ራሳችሁ ገልብጡ፤ ትንተናው የሚጀምረው እዚያ ነው። የት ላይ እንደተነፈሱ፣ የት ላይ እንደሳቁ፣ የትኛውን ቃል ደጋግመው እንዳነሡ ጆሮ ያስቀራል። ድምፅን በራሱ ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ፕሮግራም ልትጠቀሙ ካሰባችሁ ድምፁ ወደ ማን ሰርቨር እንደሚሄድና ተሳታፊው የፈረመው የስምምነት ቅጽ ያንን ይፈቅድ እንደሆነ አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ብዙዎቻችን ቃለ መጠይቁን በአንድ ቋንቋ አድርገን ቴሲሱን በሌላ ቋንቋ እንጽፋለን። እኔ መጀመሪያ ሁሉንም ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሜ ኮድ የሰጠሁት ለትርጉሙ ነበር። ይህ ትልቁ ስህተቴ ይመስለኛል። «ማስታመም» በሚለው ቃል ውስጥ ሕመሙ ራሱ አለ፤ አስታማሚው ከታማሚው ጋር በአንድ ግሥ ታስሯል። «ኬርጊቨር» ስለው ግን የቀረልኝ እንክብካቤ ሰጪ ሰው ብቻ ነው። ሌላም ላንሣ። እንዴት ነዎት ብዬ ስጠይቅ ብዙዎቹ «ተመስገን ነው» ብለውኛል። በትርጉሙ ላይ ይህን «በእምነት መጽናናት» የሚል ኮድ ሰጠሁት። ድምፁን ስሰማው ግን አንዳንዶቹ «ተመስገን ነው» የሚሉት ወሬውን ለመዝጋት ነበር፤ ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ ማለታቸው ነው። አንዱ ቃል ሁለት ተቃራኒ ሥራ ይሠራል፤ ትርጉሙ ሁለቱን አንድ አድርጎብኛል። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ ኮዱን ሰዎቹ በተናገሩበት ቋንቋ ስጡ፣ የምትተረጉሙት ምዕራፉ ውስጥ የሚገባውን ጥቅስ ብቻ ይሁን፣ ትርጉሙንም ሌላ ሰው ከዋናው ጋር ያመሳክርላችሁ።

እነዚህን ስህተቶች ያየሁት ግን ብቻዬን ተቀምጬ አይደለም። ከአማካሪዬ አስተያየት በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ፋይሉን መክፈት አቅቶኝ ነበር። ከዚያ ከሌላ የትምህርት ክፍል የመጣች አንዲት የዶክትሬት ተማሪ እሷም በዳታዋ ተጨንቃ እንደሆነ ነገረችኝና ሁለት ሰዎች ጨምረን አራት ሆንን። በየሁለት ሳምንቱ ለአንድ ሰዓት ተኩል እንገናኛለን። ከአራታችን አንዱ ስምና መለያ የጠፋበት አንድ ገጽ ትራንስክሪፕት (ከድምፅ የተገለበጠ ጽሑፍ) ያመጣል፤ አንድ ገጽ ብቻ፤ ማብራሪያም ሆነ የራሱን ኮድ አያመጣም። ሌሎቻችን በዝምታ አንብበን ያየነውን እንናገራለን። ለመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የገጹ ባለቤት አይናገርም። ምክር መስጠት፣ «እኔ ብሆን» ማለት ክልክል ነው፤ ጽሑፉ ውስጥ ያለውን ማሳየት ብቻ።

ከመጀመራችን በፊት ግን አንድ መደረግ ያለበት ነገር ነበር። የስምምነት ቅጼ ትራንስክሪፕቱን የምናየው እኔና አማካሪዬ ብቻ እንደሆንን ይላል። ስለዚህ ማሻሻያ ጽፌ ለሥነ ምግባር ኮሚቴው አስገባሁ፣ ከተፈቀደልኝ በኋላም ለ18ቱም ደውዬ እንደገና ጠየቅኩ። 17ቱ ተስማሙ። አንዷ አልፈለጉም፤ የእሳቸው ገጽ ወደ ቡድኑ መጥቶ አያውቅም። እናንተ ገና ፕሮፖዛል ላይ ከሆናችሁ ይህን ከአሁኑ ቅጹ ውስጥ አስገቡት፦ መለያ የወጣለት ጽሑፍ ለጥቂት ተመራማሪዎች ለትንተና ሊታይ እንደሚችል።

እኔ መጀመሪያ ይዤ የሄድኩት ገጽ እናታቸውን የሚያስታምሙ የአንዲት ሴት ነበር። «ሥራዬን ስተው ማንም አላዘዘኝም። ተራዬ ነው» ይላሉ። እኔ ይህን «ከሥራ መልቀቅ» ብዬ ኢኮኖሚያዊ ችግር ሥር አስገብቼዋለሁ። ከቡድኑ አንዱ አነበበና «ተራ ሲሉ ከማን ቀጥሎ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ያን ጥያቄ ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩና ሁሉንም ትራንስክሪፕት እንደገና አነበብኩ። በ11 ሰዎች ቃል ውስጥ ተራ፣ ብድር ወይም ድርሻ የሚል ቃል አለ። «እሷ እኔን አዝላኛለች፤ አሁን እኔ እሷን።» «ብድሬን እየመለስኩ ነው።» «ወንድሞቼ ተራቸውን ዘለሉት።» እነዚህ ሁሉ ለወራት ዓይኔ ሥር ነበሩ፤ ግማሾቹ ኢኮኖሚ ሥር፣ ግማሾቹ ስሜት ሥር ተበታትነው። ሰዎቹ ይነግሩኝ የነበረው ስለ ችግር ዝርዝር አልነበረም፤ ማን ለማን ምን እንዳለበት ስለሚቆጠርበት ሒሳብ ነበር።

ሒሳቡ የማይገጥምላቸው ሰውም ነበሩ። አማታቸውን የሚያስታምሙ አንዲት ሴት «ለእኔ ምንም አድርገውልኝ አያውቁም፤ ከሳቸው ምንም አልተበደርኩም» ይላሉ። እንዲህ ያለውን ከጭብጡ ጋር የሚጋጭ ገጠመኝ መደበቅ ያጓጓል፤ ምዕራፉን ያበላሽ ይመስላል። እኔም ልተወው ነበር። ቡድኑ ግን ያንን ገጽ ራሱን አምጪው አለኝ። ከታች ወረድ ብሎ «ልጆቼ ያዩኛል» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረበት። ሴትየዋ ብድር እየመለሱ አልነበረም፤ እያበደሩ ነበር። ጭብጡ በእሳቸው ምክንያት ሰፋ እንጂ አልፈረሰም።

በጭብጥ ትንተና ላይ የምትሠሩ ከሆነ ቨርጂኒያ ብራውን እና ቪክቶሪያ ክላርክ በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጡትን ጽሑፍ ሳትጠቅሱ አትቀሩም። እኔም ስድስቱን ደረጃዎች በቃሌ አውቃቸው ነበር፦ ዳታውን መልመድ፣ ኮድ መስጠት፣ ጭብጥ መፈለግ፣ መፈተሽ፣ መሰየም፣ መጻፍ። ደረጃዎቹን በተራ ማለፍ ግን ትንተና አይደለም። ሁለቱ በኋለኞቹ ጽሑፎቻቸው አጥብቀው የሚያስገነዝቡት አንድ ልዩነት አለ፦ ስለ አንድ ርዕስ የተባለውን ሁሉ መሰብሰብ አንድ ነገር ነው፣ በተለያዩ ርዕሶች ውስጥ የሚያልፍ አንድ የጋራ ትርጉም ማሳየት ሌላ። ለራሴ ያወጣሁት መፈተኛ ቀላል ነው። ጭብጤን ግሥ ባለው ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻልኩ ገና አላገኘሁትም። «ኢኮኖሚያዊ ችግር» ምንም አይልም። «ማስታመም ተራ ነው፤ ተራው ግን ለሁሉም አይደርስም» የሚለው ግን ሊሟገቱት የሚቻል ሐሳብ ነው። ለጊዜው ያቆምኩት እዚያ ላይ ነበር።

ከቡድኑ ያገኘሁት ከባዱ ነገር ሌላ ነው። በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ስብሰባችን ላይ ኮድ የሰጠሁበትን ገጽ አሳየሁ። ያቺ የመጀመሪያዋ ጓደኛዬ ቀስ ብላ «ቁጣውን ለምን ታልፊዋለሽ?» አለችኝ። አየሁት። ተሳታፊው በታማሚው አባታቸው ላይ የተቆጡበት አራት መስመር አለ፤ ከላይም ከታችም ኮድ አለ፣ እነዚያ አራት መስመሮች ባዶ ናቸው። ሌሎቹንም ሄጄ አየሁ፤ በሁሉም ላይ ቁጣ ያለበትን ቦታ ዘልዬዋለሁ። እኔ ራሴ አባቴን ሦስት ዓመት አስታምሜአለሁ። ተቆጥቼበት የማውቅባቸው ሌሊቶች አሉ። ይህን ቴሲሱ ውስጥ የትም አልጻፍኩትም ነበር፤ «ገለልተኛ ተመራማሪ» መምሰል አለብኝ ብዬ።

ሪፍሌክሲቪቲ የሚባለውን ነገር እስከዚያ ቀን ድረስ የማውቀው ለሥርዓት ያህል እንደሚሞላ አንቀጽ ነበር፦ ዕድሜዬ፣ ፆታዬ፣ ትምህርቴ። ሥራው ግን ያ አይደለም። የእኔ ሕይወት የትኛውን መስመር እንዳሳየኝና የትኛውን እንደጋረደኝ ከነገጹ ማሳየት ነው። ያን ሌሊት ስለ አባቴ ሁለት ገጽ ሜሞ (ለራሴ የሚሆን የትንተና ማስታወሻ) ጻፍኩ፤ ከዚያ ባዶ ወደተተዉት መስመሮች ተመልሼ አንድ በአንድ ኮድ ሰጠኋቸው። ከሜሞው የተወሰደ ግማሽ ገጽ የዘዴ ምዕራፌ ውስጥ አለ፤ ፈታኞቼ በዲፌንሱ፣ ቴሲሱን ፊታቸው በተከላከልኩበት ቀን፣ በመልካም ያነሡት ክፍል እሱ ነበር።

ይህን ስጽፍ የማልዘለው ጉዳይ አለ። የሥነ ምግባር ቅጹ ተሳታፊው ቢያዝን ምን እንደማደርግ ጠይቆኛል። እኔ ባዝንስ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ከሰባተኛው ቃለ መጠይቅ በኋላ ያን ድምፅ ለሦስት ሳምንት መክፈት አልቻልኩም፤ ስንፍና መስሎኝ ራሴን ወቀስኩ። ስንፍና አልነበረም። ከዚያ በኋላ በቀን ከአንድ ሰው በላይ አላነጋገርኩም፣ ከእያንዳንዱ በኋላ ምንም የማልሠራበት ሁለት ሰዓት አስቀመጥኩ፣ ዩኒቨርሲቲው ለተማሪዎች ወደሚሰጠው የምክር አገልግሎትም ሄድኩ። ርዕሳችሁ ሞትን፣ ሕመምን፣ ጥቃትን ወይም ስደትን የሚነካ ከሆነ ይህን ከመስክ በፊት ዕቅድ ውስጥ አስገቡት። ተሳታፊው ሲያለቅስ ደግሞ መቅጃውን ዝጉና ጠብቁ፤ መቀጠል፣ ሌላ ቀን መምጣት ወይም ፈጽሞ መተው የእሳቸው ምርጫ እንደሆነ ንገሯቸው።

«ስንት ሰው ይበቃል?» የሚለው ጥያቄ ሁሉንም ተማሪ ያስጨንቃል። ብዙ ፕሮፖዛል ላይ 12 የሚል ቁጥር ታያላችሁ። ምንጩ ግሬግ ጌስትና ሁለት ባልደረቦቹ በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጽሑፍ ነው፤ በጋና እና በናይጄሪያ ከሴቶች ጋር የተደረጉ 60 ቃለ መጠይቆችን ተንትነው አዳዲስ ኮዶች በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 12 ውስጥ እንደተገኙ አሳዩ። ያ የሆነው ግን ተሳታፊዎቹ ተቀራራቢ በሆኑበትና ሁሉም ተመሳሳይ ጥያቄ በተጠየቁበት ጥናት ነው። ቁጥሩን ብቻ ነጥቆ መጥቀስ አያዋጣም። እኔን የረዳኝ ኪርስቲ ማልተሩድና ባልደረቦቿ በ2016 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት የመረጃ ኃይል የሚባለው ሐሳብ ነው፦ የጥናቱ ዓላማ ጠባብ ሲሆን፣ ተሳታፊዎቹ ጉዳዩን በቅርብ የሚያውቁ ሲሆኑ፣ ውይይቱም ጥልቅ ሲሆን ጥቂት ሰው ይበቃል፤ ካልሆነ ብዙ ያስፈልጋል። ፈታኜ «ለምን 18?» ሲሉኝ በዚህ መንገድ ነው ያስረዳሁት፤ አልተከራከሩኝም።

ስለ አማካሪ ጥቂት ልበል። በመጠናዊ (በቁጥር በሚሠራ) ጥናት የሰለጠነ አማካሪ «ግኝትሽ ለሌሎች ይሠራል ወይ? ሌላ ሰው ቢሠራው ያንኑ ያገኛል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ጠላት አድርጋችሁ አትዩት፤ ጥያቄው ተገቢ ነው፣ መልሱ ግን በሌላ ቋንቋ ነው። ኢቮና ሊንከን እና ኢጎን ጉባ በ1985 እ.ኤ.አ. ያቀረቧቸው አራት መመዘኛዎች ለዚህ ንግግር ይረዳሉ፦ ግኝቱ ይታመናል ወይ፣ አንባቢው ወደ ራሱ ሁኔታ ሊወስደው የሚያስችል በቂ ዝርዝር አለው ወይ፣ አካሄዱ ወጥና ሊከተሉት የሚቻል ነው ወይ፣ መደምደሚያው ከዳታው የመነጨ ለመሆኑ ማስረጃ አለ ወይ። እኔ እያንዳንዱን ውሳኔ ከነቀኑ የመዘገብኩበት ማስታወሻ ነበረኝ፤ ኮድ ሳዋህድ፣ ጭብጥ ስጥል፣ ጥያቄ ስቀይር። አማካሪዬን ያሳመናቸው ያ ማስታወሻ ነው።

ከአማካሪ ጋር ስትገናኙ 40 ገጽ ልካችሁ «እንዴት አዩት?» አትበሉ። እኔም እንዲህ አደርግ ነበር፤ መልሱ ወራት ይወስዳል ወይም ስለ ሥርዓተ ነጥብ ይሆናል። አንድ ገጽ ላኩ፦ ምን እንደሠራችሁ፣ ምን እያሰባችሁ እንደሆነ፣ የትኛው ላይ መወሰን እንዳቃታችሁ። ከገጹ ጋር ሁለት ጥቅስ አያይዙና «ይህ ጭብጥ እነዚህን ሁለቱን ይይዛል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ በዚህ መንገድ ስጠይቅ አማካሪዬ በሦስት ቀን ይመልሱልኝ ጀመር። ከንግግሩ በኋላም የተስማማችሁበትን በአጭር ኢሜይል ጽፋችሁ ላኩላቸው።

ስለ ሶፍትዌር ብዙ የምለው የለኝም። ኤንቪቮም ሆነ አትላስ ቲአይ ዳታውን ያደራጃል፤ አያስብላችሁም። ገንዘብ ከሌላችሁ ታጌት እና ኳልኮደር በነፃ ይገኛሉ። እኔ ግማሹን ሥራ የሠራሁት በወረቀትና በባለቀለም እርሳስ ነው።

ምዕራፉ አልቆ ለማስረከብ ሳምንታት ሲቀሩኝ፣ ግኝቱን በቀላል አማርኛ በአንድ ገጽ ጽፌ ፈቃደኛ ለሆኑ አምስት ተሳታፊዎች በቃል ነገርኳቸው። አራቱ «አዎ፣ እንዲህ ነው» አሉኝ። አምስተኛዋ እኒያ «ተራዬ ነው» ያሉት ሴት ነበሩ። እስከ መጨረሻው በዝምታ ሰሙኝ። «ተራው ግን ለሁሉም አይደርስም» የሚለው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

«እሱ ላይ ተሳስተሻል» አሉኝ። «ተራውማ ለሁላችንም ደርሶ ነበር። የተነሣሁት እኔ ነኝ።»

ያን ሌሊት ወደ ትራንስክሪፕቶቹ ተመለስኩ። በዘጠኙ ውስጥ «ተነሣሁ» የሚል ቃል አገኘሁ፤ ለአንዱም ኮድ አልሰጠሁትም ነበር። ለአማካሪዬ አንድ ገጽ ጻፍኩላቸው፣ ሁለት ጥቅስ አያይዤ። በማግስቱ መለሱልኝ። ለማስረከብ 16 ቀን ሲቀረኝ የምዕራፉን ርዕስ ቀየርኩ።